ሳይጣሉ እርቅ

የባቻ ልጅ ድንቅነሽ ከወለጋ አንደኛ ወጣች የተባለ ዕለት ነቀምት ውስጥ ደስ ያለው ሰው ነበር፤ ያልተዋጠለትም ነበር። ያልተዋጠለት ግን አፍ አውጥቶ አልተናገረም። እንዲህ ያለ ሰው መቼ ራሱ ይናገራል! ሽማግሌ ይልካል እንጂ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ወደ መጨረሻው ገደማ ነው። አዲስ አበባ ያሉ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ "ክረምቱን እኛ ዘንድ ተቀምጠው የሳይንስ ምርምር የሚማሩ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች እንፈልጋለን፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ አንድ ልጅ ብቻ" አሉ። ተወዳዳሪው ፈተና ይፈተናል። ከዚያ ሌላ ደግሞ በሰፈሩ ያየውን አንድ ችግር ራሱ መርምሮ፣ ያገኘውን ጽፎ ይልካል። ፈተናውስ ተሸምድዶም ይታለፋል። ጉዱ ያለው ጥናቱ ላይ ነው።

ድንቅነሽ ጥናት ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። አባቷ አናጢ ነው። ዲጋ ድረስ እየሄደ ቤት ይሠራል። ቤቱ ጥቂት ክረምት እንዳለፈው ምስጥ ምሰሶውን ከሥር ቦርቡሮ ይጥለዋል። ሰው ታዲያ ምስጡን ትቶ ባቻን ይሰድባል። "የባቻ ቤት" ማለት ዲጋ ገበያ ላይ የታወቀ ስድብ ሆኖ ነበር። ድንቅነሽ ይህን እየሰማች፣ አንጀቷ እያረረ ነው ያደገችው። ስለዚህ የአባቷን ቁርጥራጭ እንጨት ሰብስባ ችካል ጠረበች። አንዳንዱን ባዶውን፣ አንዳንዱን አመድ ለቅልቃ፣ አንዳንዱን ከጋራዥ በለመነችው የተቃጠለ ዘይት ነክራ፣ አንዳንዱን ደግሞ በተወቀጠ የብርብራ ፍሬ አሽታ ጓሯቸው ውስጥ ተከለች። ብርብራ ወንዝ ውስጥ ሲበትኑት ዓሣ የሚያሰክር ፍሬ ነው። ዓሣን ካሰከረ ምስጥንስ ምን ያደርገው ይሆን ብላ ነው። ጎረቤት ሳቀባት። "የባቻ ልጅ ችካል ዘራች፤ ይበቅልላት እንደሁ እናያለን" አሉ።

በየቅዳሜው እየነቀለች አየች፤ እያየች መልሳ ተከለች። ባዶዎቹ ተበሉ። አመዱ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ጠብቆ ነበር፤ ዝናቡ ሲያጥበው እነሱም ተበሉ። ዘይቱ እንደ ነገሩ ያዘ። ብርብራ የጠጡት ግን ደህና ቆዩ፤ ከአንዷ በቀር። አንዷ የብርብራ ችካል ከጎኗ ካሉት ጋር እኩል ታሽታ፣ እኩል ተተክላ፣ ውስጧ ተቦርቡሮ ቅርፊቷ ብቻ ቀረ። የክፍል ጓደኞቿ "ጣያት፤ ማን ያይሻል?" አሏት። ድንቅነሽ ግን እንዳለ ጻፈችው።

ሳይንስ የሚያስተምሯቸው ሕንዳዊው ሚስተር ቶማስ ወረቀቷን ካነበቡ በኋላ ጓሮ ድረስ መጥተው ችካሎቹን አዩ። ደህናዎቹን ትተው ያቺን የተበላችውን አነሱ።

"ይህ በጣም ጥሩ ነው" አሉ በዚያ በሚሰባበር አማርኛቸው። "ለምን ተበላች?"

"አላውቅም፣ ሰር።"

"እኔም አላውቅም። አዲስ አበባ የሚያውቅ ሰው አለ። ነፍሳት ብቻ ያጠናል። በማይክሮስኮፕ ያሳይሻል።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ድንቅነሽ ሌላ ነገር አልታያት አለ። ሰው ልብስ ያምረዋል፣ ጫማ ያምረዋል፤ እሷን ያማራት ከዚያ የማታውቀው ሰው ፊት ቁጭ ብላ "ይቺ ለምን ተበላች?" ብላ መጠየቅ ነበር። ትምህርት ቤቱ ያለው ማይክሮስኮፕ አንድ ነው፤ እሱም መስታወቱ ከተሰበረ ቆይቷል።

ሁለተኛ የወጣው የግራዝማች ሀብተጊዮርጊስ ልጅ አስናቀ ነው። ግራዝማች የአንድ መሥሪያ ቤት ሹም ናቸው፤ ሲያልፉ ሰው ከተቀመጠበት ይነሣላቸዋል። አስናቀ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ይህን መካድ አይገባም። ጥናቱ ግን በወተት ቆርቆሮ ባቄላ ተክሎ አንዱን መስኮት ላይ፣ አንዱን አልጋ ሥር ማስቀመጥ ነበር። አልጋ ሥር ያለው ገረጣ። ባቄላ ፀሐይ እንደሚወድ የማያውቅ ገበሬ እስቲ ከወለጋ ፈልጋችሁ አምጡልኝ!

ውጤቱ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተነገረ። ድንቅነሽ ባቻ፣ አንደኛ። ተማሪው አጨበጨበ። ግራዝማች ያን ዕለት ምሳ አልቀመሱም ይባላል። የአናጢ ልጅ! ያውም ሴት!

እሑድ ባቻና ቤተሰቡ ከጸሎት ቤት ተመልሰው ገና ሳይቀመጡ ሦስት ሽማግሎች ግቢ ገቡ። የመሩት ኦቦ ጉሉማ ናቸው። ኦቦ ጉሉማ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ለድንቅነሽ ፊደል ያስቆጠሯት፣ በታመመች ጊዜ ራስጌዋ ተንበርክከው የጸለዩላት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው አንድ ባላምባራስ፣ ሦስተኛው ከኑኑ ቁምባ የመጡ የግራዝማች ወዳጅ።

"አካም ቡልተን! ግቡ፣ ግቡ እንጂ!" አለ ባቻ፣ ወንበር ሊያወጣ እየተጣደፈ።

አልገቡም። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ግቢው መሐል ተደርድረው ቆሙ።

"ባቻ፣ ለጉዳይ ነው የመጣነው" አሉ ኦቦ ጉሉማ። "ቶሌ ካላልከን አንቀመጥም።"

ቶሌ ማለት በኦሮምኛ እሺ ማለት ነው። የአገሩ ወግ ይህ ነው፤ ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ ጉዳዩን አስቀድሞ አይናገርም። ይቆማል። ባለቤቱ እሺ ሲል ይቀመጣል፤ በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ የመጣበትን ይናገራል። ሽማግሌ ቆሞ "ምንድነው ነገሩ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሽማግሌን አለማመን ነው። ሽማግሌ ደግሞ ክፉ ነገር ይዞ አይመጣም ይባላል። ይባላል!

ባቻ በልቡ ሌላ ነገር ይዟል። በዚያው ሰሞን የጎረቤት ፍየል አጥር ዘልላ የጎመን ችግኙን ስለበላችበት ከባለቤቷ ጋር ክፉ ተነጋግሮ ነበር። እናም፣ 'ለፍየሏ ነው የመጡት፤ ምን ከፋኝ፣ ይቅር እላለሁ' አለ። ሌላ ምን ይጠርጥር?

"እናንተ ቆማችሁማ! ቶሌ!"

"ድገምልን።"

"ቶሌ ብያለሁ! ተቀመጡልኝ በሞቴ!"

መረቁት። ቤቱን መረቁ፣ እጁን መረቁ፣ ልጆቹን መረቁ። ተቀመጡ። የድንቅነሽ እናት ድርቤ አንጮቴ በቅቤ አቀረበች፣ እርጎ ቀዳች። በሉ። ድንቅነሽ እጅ ልታስታጥብ ውሃ ይዛ ከበስተኋላቸው ስትቆም ኦቦ ጉሉማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ ባቻ፣ ግራዝማች አዝነውብሃል።"

"ግራዝማች? እኔ ላይ?" ባቻ ግራ ገባው። "መቼ ተጣላንና?"

"አለመጣላታችሁ ነው ደጉ። ሳይከፋ እናስታርቃችሁ ብለን ነው የመጣነው" አሉ ባላምባራስ። "ያ አዲስ አበባ የተባለው ነገር ለልጃቸው ይሁንላቸው። ልጅትዋ ትተውለት።"

የያዘችው ውሃ በድንቅነሽ እግር ላይ ፈሰሰ። ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

"ሴት ልጅ ክረምቱን ሙሉ አዲስ አበባ ማን ዘንድ ታድራለች? ምን አገኛት ቢባልስ?" አሉ የኑኑ ቁምባው። "ለከርሞ እሷ ትሄዳለች። ተራ በተራ ነው።"

"ለከርሞ እኔ አሥራ ሁለተኛ ነኝ!" አለች ድንቅነሽ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። "የሚወስዱት አሥራ አንደኛ ብቻ ነው! ለከርሞ የሚባል ነገር የለም!"

"ኢንተለ ኮ" አሉ ኦቦ ጉሉማ፣ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፅ፤ "ሽማግሌ ሲናገር ልጅ ያደምጣል። አባትሽ ቶሌ ብሏል።"

ሽማግሎቹ እንደ ገና መርቀው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። በእርጎ የረጠበ ጺማቸውን እየጠረጉ ነበር የወጡት። ድንቅነሽ ያንን ጺም ዕድሜ ልኳን አልረሳችውም።

"ለፍየሏ መስሎኝ እኮ ነው!" አለ ባቻ በሩ ከተዘጋ በኋላ።

"ለፍየል!" ድርቤ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ሦስት ሽማግሌ፣ አንዱ ከኑኑ ቁምባ ድረስ፣ ለፍየል ይመጣል? አይ ባቻ! አይ ያንተ ነገር!"

"ታዲያ ምን ልበል? ቆመው እኮ ነው!"

"ይቁሙዋ!"

"እንዲህ አይባልም፣ ድርቤ።"

አዎ፣ እንዲህ አይባልም። እስቲ እናንተው ፍረዱ! ሳይጣሉ እርቅ፣ ሳይበድሉ ካሣ፤ ካሣውንም የሚከፍለው የተበደለው! ግራዝማች ልጃቸው ሁለተኛ ስለወጣ ተበዳይ ሆኑ። ባቻ ልጁ አንደኛ ስለወጣች በዳይ ሆነ። ይህን የመሰለ እርቅ ሰይጣን ራሱ ቢሸመግል አያመጣውም።

ሰኞ ድንቅነሽ ዲሬክተሩ ቢሮ ገባች። ሚስተር ቶማስ አብረዋት ገቡ። ዲሬክተሩ ግን ቀድመው ሰምተዋል፤ እንዴት በፍጥነት እንደ ሰሙ አትጠይቁኝ።

"አባትሽ ለሽማግሌ ቃል ሰጥቷል" አሏት። "እኔ በሽማግሌና በአባትሽ መካከል አልገባም። ትተዋለች ብዬ ለአዲስ አበባ እጽፋለሁ፤ ሁለተኛው ይተካል።"

ሚስተር ቶማስ አንዴ ዲሬክተሩን፣ አንዴ ድንቅነሽን አዩ።

"ቤተሰቦቹ ተጣልተዋል?"

"አልተጣሉም" አሉ ዲሬክተሩ።

"ታዲያ የታረቀው ማን ነው?"

ዲሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ሚስተር ቶማስ በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ትርጉሙን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ምርቃት እንዳልነበረ ግን ከፊታቸው ያስታውቃል።

ከዚያ በኋላ በባቻ ቤት ሰላም ጠፋ። ድንቅነሽ አባቷን አኮረፈች። ምሳውን ታቀርብለታለች፤ አታናግረውም። ባቻም መዶሻውን ይዞ ይወጣል፣ መዶሻውን ይዞ ይገባል፤ ሚስማር ሲመታ ጣቱን ይመታል። ድርቤ በሁለቱ መካከል እየተመላለሰች ታስታርቃለች፤ እነዚህስ እውነት ተጣልተዋል።

አንድ ቀን ድንቅነሽ ከገበያ ስትመለስ አስናቀን መንገድ ላይ አገኘችው። ሊሸሽ አሰበና ቆመ።

"እኔ አልላክኋቸውም" አላት፣ ሳትጠይቀው።

"እሺ። እንግዲያስ አልሄድም በላ።"

መሬት መሬት አየ። "አባቴን አታውቂያቸውም።"

"አሁንማ አወቅኋቸው" አለችና ጥላው ሄደች። ቤት እስክትደርስ እያነባች ሄደች፤ ከንዴቷ ብዛት ነው እንጂ ከኀዘን አልነበረም። ልጁን እንኳ በደንብ መጥላት አለመቻሏ ይበልጥ አበገናት።

የአዲስ አበባ መልስ የመጣው በቴሌግራም ነው። ሚስተር ቶማስ ክፍል ድረስ መጥተው ከትምህርት ላይ ጠርተው አወጧት።

"እምቢ አሉ! አዲስ አበባ እምቢ አለ!" አሉ። "ሰው አይተካም አሉ። ቦታው የምስጡ ጥናት ነው። የምስጡን ጥናት የሠራ ተማሪ ችካሎቹን ይዞ ይምጣ። ካልመጣ ቦታው ለሌላ ጠቅላይ ግዛት ይሰጣል። ገባሽ? ቦታው ያንቺ ነው! አባትሽ ብቻ ይምጣ። 'ልጄ ትሄዳለች' ይበል። አንድ ቃል!"

ድንቅነሽ መጻሕፍቷን እንኳ አልያዘችም፤ ወደ ቤት በረረች። ባቻ በር እየላገ ነበር። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረችው። ከዚያ ሁሉ ኩርፊያ በኋላ የመጀመሪያ ንግግሯ ነው። መላጊያውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ደስታ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ።

"ቃሌስ?" አለ። "ለሽማግሌ ቶሌ ብያለሁ እኮ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። በየት በኩል እመልሰዋለሁ? ነገ ሰው ምን ይለኛል?"

"አባ፣ ቃልህን ሰጠህ፤ እሺ። የአንተ ነው፤ ሰጠህ። የኔን ግን ከየት አምጥተህ ሰጠህ?"

ድንቅነሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "አንድ ክረምት ሙሉ ጭቃ ውስጥ የተንበረከክሁት እኔ! 'የባቻ ቤት' ሲሉህ ያረርሁት እኔ! አንተ ግን ቆመውብኛል ብለህ ሰጠኸኝ! ፍየሏን እንኳ እንዲህ አትሰጥም!" ብላ ገባች። እንዲህ ያለ ንግግር ለአባት ይነገራል? አይነገርም። ግን ተነገረ፤ ውሸትም አልነበረውም።

ግራዝማችም ቴሌግራሙን ሰምተዋል። ሌላ ሰው ቢሆን እንግዲህ አፍሮ ይቀመጥ ነበር። እሳቸው ግን መላ አላጡም።

በተከታዩ እሑድ ሽማግሎቹ እንደ ገና መጡ፤ ያው ሦስቱ። ሰው ከጸሎት ቤትም ከቤተ ክርስቲያንም የሚመለስበት ሰዓት ነው፤ መንገዱ ሙሉ ነው፤ የባቻ አጥር ደግሞ ዝቅተኛ ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ተደርድረው ቆሙ።

"ባቻ፣ ደግሞ መጣንብህ" አሉ ኦቦ ጉሉማ። "ቶሌ በለንና እንቀመጥ።"

ባቻ ከልማድ አፉ ተከፈተ። ድንቅነሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ስታይ እግሯ ራሱ ወሰዳት፤ መጥታ ከጎኑ ቆመች።

"አባ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ጠይቃቸው።"

ባላምባራስ ዓይናቸው ፈጠጠ። "ይቺ ልጅ ደግሞ ማነች? ሽማግሌ በቆመበት!"

ባቻ ልጁን አየ። ሽማግሎቹን አየ። ባቻ ጣራ ላይ ሲወጣ የማይፈራ ሰው ነው፤ እዚያ ግቢው መሐል ግን ሲፈራ ድንቅነሽ በዓይኗ አየች።

"ነገሩ ምንድነው፣ ኦቦ ጉሉማ?" አለ በመጨረሻ።

"ነገሩማ ከተቀመጥን በኋላ ነው እንጂ!" አሉ የኑኑ ቁምባው። "ወጉ ጠፋህ?"

"ያለፈውን በወጉ አደረግሁት። ዛሬ ቆማችሁ ንገሩኝ። እኔም ቆሜ እሰማለሁ።"

አጥሩ ጋ አንድ ሰው ቆመ። ሌላም ቆመ። ኦቦ ጉሉማ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። ሰው እንዲህ ሲባል የት ይገባል? በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተመርቆና መርቆ፣ እሺ የሚለውን ቃል ኪሱ ከከተተ በኋላ የሚናገረው ነገር፣ ቆሞ በጠራራ ፀሐይ ሲናገሩት እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን ገና አወቁት መሰለኝ።

"ነገሩ..." አሉ፣ ድምፃቸው ጉሮሯቸው ውስጥ እየቀረ፣ "ልጆቹ አንድ ትምህርት ቤት ናቸው... አብረው እንደሠሩት... ችካሎቹን..."

"አልተሰማም፣ ኦቦ ጉሉማ" አለች ድርቤ ከበሩ። "ትንሽ ጮክ ቢሉልን።"

ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። የኦቦ ጉሉማ ጆሮ ቀላ።

"ጥናቱ የሁለቱም ነው እንድትሉ ነው" አሉ ጮክ ብለው። "አስናቀ ችካሎቹን ይዞ እንዲሄድ። እሷም ከመሄዱ በፊት... ቁጭ ብላ እንድታስጠናው።"

ኦቦ ጉሉማ ራሳቸው የተናገሩትን እንደ ሌላ ሰው ንግግር ሰሙት፤ ድንቅነሽ ፊታቸው ላይ አየችው። ፊደል ስታጠፋ "ውሸት አትጻፊ፤ ካላወቅሽ አላውቅም በይ" የሚሏት ሰው ነበሩ።

"ወይ ጉድ!" አለ አጥሩ ጋ የቆመ አንድ አዛውንት። "ይህንን ነው ሽምግልና የምትሉት?"

"አይሆንም" አለ ባቻ።

ቀስ ብሎ ነው ያለው። ግን በዚያ ሰፈር ለቆመ ሽማግሌ አይሆንም ሲባል የሰማ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሰማው።

"ምን አልክ?" አሉ ባላምባራስ።

"አይሆንም አልሁ። ያለፈውንም መልሼዋለሁ። ሳልሰማ ያልሁት ቶሌ ቶሌ አይደለም። ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄጄ ልጄ ትሄዳለች እላለሁ። ግራዝማች ከከፋቸው ራሳቸው ይምጡ፤ ወንበር አለኝ።"

"ሽማግሌ የመለሰ ቤት!" ባላምባራስ ባርኔጣቸውን ደፉት። "ስትታመም የሚጠይቅህ፣ ስትሞት የሚቀብርህ ትፈልጋለህ! ያን ጊዜ እንተያያለን!" ብለው የኑኑ ቁምባውን ይዘው ወጡ። አጥሩ ጋ የቆመው ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ ማንም ግን ባርኔጣ አላነሣላቸውም።

ባቻ አጠገቡ ያለውን ግንድ ተደግፎ ቁጭ አለ። እርግማኑ ቀላል አልነበረም፤ እንዲህ ባለ ከተማ ሰው ያለ ሰው አይኖርም። ድርቤ መጥታ ትከሻው ላይ እጇን አሳረፈች።

ኦቦ ጉሉማ ብቻቸውን ቀሩ። ባርኔጣቸው አሁንም እጃቸው ላይ ነው። ባቻን አላዩትም። ቀርበው ድንቅነሽ ፊት ቆሙ።

"ኢንተለ ኮ" አሉ። "ክፉ ሥራ ነው የሠራሁት። ግራዝማች ለመኑኝ፣ እኔም ሰው አይጣላ ብዬ... ይቅር በዪኝ። ቶሌ በዪኝና ልሂድ።"

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ድንቅነሽ ትወዳቸዋለች። ታማ በተኛች ጊዜ ግንባሯ ላይ ያረፈው እጃቸው ነው አሁን ባርኔጣውን የሚጨብጠው። አጥሩ ጋ ያለው ሰው ሁሉ አፍ አፏን ያያል። ሽማግሌ ቆሞ ልጅን ይቅር በዪኝ ሲል! ምን ይጠበቃል? ጉልበታቸውን መሳም ነው፤ አለቀ።

"በያቸው እንጂ፣ ልጄ" አለ ባቻ ከተቀመጠበት።

ድንቅነሽ አልጎነበሰችም።

"ኦቦ ጉሉማ፣ ያን ጊዜ ሳንጣላ አስታረቃችሁን። አሁን ግን እኔና እርስዎ እውነት ተጣልተናል። ትንሽ እንቆይበት።"